የማያውቁት ቅናሽ የሻጩ ነው

በመርካቶ ዕቃ ለመግዛት የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ዋጋ የመጨረሻው ዋጋ እንዳልሆነ ያውቃል። ሻጩም ገዢው ይህን እንደሚያውቅ ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱ ጥቂት ይከራከራሉ፤ አንዱ «ሄድሁ» ብሎ ጥቂት ይራመዳል፣ ሌላውም «ና ተመለስ» ብሎ ይጠራዋል፤ በመጨረሻም በመካከል ባለ አንድ ዋጋ ይገናኛሉ። ይህ ልማድ ያለው ሰው ወደ አሜሪካን አገር ሲሻገር ግን ብዙ ጊዜ አንድ የተሳሳተ አሳብ ያድርበታል። ይኸውም «በዚያ አገር ዋጋ ተጽፎ ስለሚለጠፍ መከራከር ነውር ነው» የሚል ነው። ይህ አሳብ ስለ ዳቦና ስለ ሸሚዝ እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ አዲስ መኪና ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ጉዳይ ዛሬ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሺንግተን ከተማና በአጠገቧ ባሉት በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ብዙ ያገራችን ሰዎች ይኖራሉ፤ ወንድም፣ እኅት ወይም ልጅ በዚያ ያላቸው አንባቢዎችም ጥቂቶች አይደሉም። ታዲያ ሥራ ይዞ ደመወዝ መቀበል የጀመረ ወጣት ዐይኑ ቢያርፍበት የማያስደንቅ አንድ ዓይነት መኪና አለ። አራት በርና አምስት መቀመጫ ያለው የቤት መኪና ነው፤ ሞተሩ ግን ለእሽቅድምድም የተሠራ ይመስላል። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 እና የአሜሪካኑ ካዲላክ ሲቲ 5-ቪ ብላክዊንግ ከዚህ ወገን ናቸው። የካዲላኩ ሞተር ብቻውን የ668 ፈረስ ጉልበት አለው። የሁለቱም ዋጋ ከ70,000 ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ በዕውቀት ማነስ የሚጠፋው ገንዘብ የአንድ ቀን ምሳ ዋጋ ሳይሆን የብዙ ወር ድካም ነው።

መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እንመልከት። (ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ወረቀት እንዲለጠፍ የታዘዘው በ1958 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ነው። ሕጉን ያቀረቡት የኦክላሆማው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ማይክ ሞንሮኒ ስለ ነበሩ ወረቀቱ እስከ ዛሬ ድረስ በስማቸው ይጠራል። ከዚያ በፊት ነጋዴው የፈለገውን ዋጋ ይናገር ስለ ነበረ ገዢው የመኪናውን ትክክለኛ ዋጋ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አሁን ግን በወረቀቱ ላይ የመኪናው መነሻ ዋጋ፣ የተጨመሩት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ከነዋጋቸው፣ ከፋብሪካ ማጓጓዣውና ጠቅላላው ድምር ተጽፈው ይገኛሉ። መኪናው በገዢው እጅ ሳይገባ ወረቀቱን መላጥ በሕግ የተከለከለ ነው።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ይህ ዋጋ ፋብሪካው «በዚህ ቢሸጥ መልካም ነው» ብሎ ያቀረበው አሳብ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ሻጩ ከዚያ በታች ሊሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በላይም ሊሸጥ ይችላል።

በፈጣን መኪኖች ወረቀት ላይ አንዳንድ ጊዜ አንድ ተጨማሪ መስመር ይገኛል። በ1978 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት በአንድ ጋሎን ከ22.5 ማይል በታች የሚሄድ የቤት መኪና የነዳጅ አባካኝ ግብር ይከፈልበታል። ግብሩ ከ1,000 ዶላር ይጀምራል፤ ከፍተኛው 7,700 ዶላር ነው። የሚያስገርመው ግን ትልልቆቹ ከፍ ያሉ መኪኖችና የጭነት መኪኖች ይህን ግብር የማይከፍሉ መሆናቸው ነው። ከላይ የጠቀስነው ካዲላክ ግን ከሚከፍሉት አንዱ ነው። ይህ ገንዘብ ለመንግሥት የሚገባ ስለ ሆነ ሻጩ ሊቀንሰው አይችልም፤ የሚቀነሰው ከሌላው ነው።

ከመስታወቱ ዋጋ በስተ ጀርባ ደግሞ ሌላ ዋጋ አለ። እርሱም ፋብሪካው ለሻጩ የሚልክለት የሒሳብ ደረሰኝ፣ ማለት ኢንቮይስ የሚባለው ነው። ብዙ ገዢዎች ይህን ዋጋ ሲያገኙ «እነሆ የነጋዴውን ሆድ ዕቃ አየሁ» ይላሉ። ይሁን እንጂ ገና አላዩም። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች መኪናው ከተሸጠ በኋላ ከዋጋው ከ1 እስከ 3 በመቶ የሚሆነውን ለሻጩ ይመልሱለታል። ስለዚህ ሻጩ «በገዛሁበት ዋጋ ሰጠሁዎ፤ አንድ ሳንቲም አላተረፍሁም» ቢል እንኳ ቃሉን ሁሉ እንዳለ መቀበል አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ እርሱም ማበረታቻ የሚባለው ገንዘብ ነው። ፋብሪካ መኪና ሠርቶ ሳይሸጥለት ሲቀር ዋጋውን በግልጽ ዝቅ ማድረግ አይወድም። ዋጋ አንድ ጊዜ ከወረደ መልሶ ማውጣት ያስቸግራል፤ ትናንት በውድ የገዛውም ሰው ይቀየማል። ስለዚህ የተለጠፈውን ዋጋ እንዳለ ትቶ ገንዘብ በሌላ በር ያወጣል። በጥር 1975 ዓ.ም. የመኪና ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ክራይስለር መኪናውን ለገዛ ሰው እስከ 400 ዶላር መልሶ እንደሚሰጥ በቴሌቪዥን አስነገረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. አደጋ በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ያለ ወለድ ብድር ሰጠ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ለሠራተኞቹ የሚያደርገውን ቅናሽ ለማንኛውም ገዢ ፈቀደ። ከዚህ የምንማረው ማበረታቻ የሻጩ ቸርነት ሳይሆን የፋብሪካው ጭንቀት መሆኑን ነው።

ይህ ገንዘብ በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚነገረውና ለገዢው በቀጥታ የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው ለሻጩ የሚሰጠውና ገዢው ብዙ ጊዜ የማይሰማው ነው። በ2006 ዓ.ም. ሦስት ምሁራን፣ ሜጋን ቡሴ፣ ሆርሄ ሲልቫ-ሪሶና ፍሎሪያን ዜተልማየር፣ ይህን ጉዳይ መርምረው አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ያገኙትም ነገር እጅግ የሚያስተምር ነው። ማበረታቻው ለገዢው የተባለ ሲሆን ከገንዘቡ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው በእውነት ለገዢው ይደርሳል። ለሻጩ የተባለ ሲሆን ግን ለገዢው የሚደርሰው ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። ገንዘቡ ያው የፋብሪካ ገንዘብ ነው፤ መኪናውም ያው መኪና ነው። ልዩነቱ ገዢው ማወቁና አለማወቁ ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የማያውቁት ቅናሽ የሻጩ ነው።

ታዲያ ይህ በፈጣን የቤት መኪና ላይ እንዴት ይሠራል? ማበረታቻ የሚሄደው ወደማይፈለገው መኪና ነው። አዲስ ዓይነት ፈጣን መኪና በወጣ ጊዜ፣ ቁጥሩም ጥቂት በሆነ ጊዜ፣ ፈላጊው ይሰለፍበታል። በዚያን ጊዜ ሻጩ ቅናሽ ማድረጉ ቀርቶ በመስታወቱ ላይ ሁለተኛ ወረቀት ይለጥፋል፤ «የገበያ ማስተካከያ» ብሎም በሺህ የሚቈጠር ዶላር ይጨምራል። በ2021 እና በ2022 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ቺፕስ እጥረት በመኪና ፋብሪካዎች ላይ በደረሰ ጊዜ ይህ ልማድ ወደ ተራው መኪና ሁሉ ተዛምቶ ነበር። ይህ ሁለተኛ ወረቀት ሕጉ ካዘዘው ወረቀት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የሻጩ ምኞት ነው። መድኀኒቱም መታገሥ ነው። ዓመቱ ተገባዶ የሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ሲመጣ ያልተሸጠው መኪና በሻጩ ቅጥር ውስጥ ቆሞ ወለድ ያስከፍለዋል። ሻጩ መኪናውን የሚያስገባው በብድር ነውና። በወሩና በዓመቱ መጨረሻም ፋብሪካው «ይህን ያህል መኪና ከሸጥህ ይህን ያህል ጉርሻ አለህ» ብሎ ቃል የገባለት ሻጭ ቁጥሩን ለመሙላት ሲል ከትርፉ ላይ ሊተው ይችላል።

ሌላው ፈተና ሁለት ማበረታቻ አቅርቦ «አንዱን ምረጥ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወለድ ስሌት ለምናስተምር ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። መኪናው 60,000 ዶላር ነው እንበል። ፋብሪካው ወይ 3,000 ዶላር ተመላሽ፣ ወይ ደግሞ በ2.9 በመቶ ወለድ የ60 ወር ብድር አቀረበ። ተመላሹን የመረጠ ሰው በ6.5 በመቶ ወለድ ከባንክ ይበደራል።

የመጀመሪያው ገዢ በእጁ ያለው 10,000 ዶላር ነው። ተመላሹን ቢወስድ 47,000 ተበድሮ በወር 920 ዶላር ያህል፣ በጠቅላላው 55,177 ዶላር ያህል ይከፍላል። ዝቅተኛውን ወለድ ቢወስድ 50,000 ተበድሮ በወር 896 ዶላር ያህል፣ በጠቅላላው 53,772 ዶላር ያህል ይከፍላል። ስለዚህ ዝቅተኛው ወለድ 1,400 ዶላር ያህል ያተርፍለታል። ሁለተኛው ገዢ ግን 35,000 ዶላር ቈጥቧል። ተመላሹን ወስዶ 22,000 ቢበደር በጠቅላላው 25,827 ዶላር ያህል ይከፍላል። ዝቅተኛውን ወለድ ወስዶ 25,000 ቢበደር 26,886 ዶላር ያህል ይከፍላል። ለእርሱ ደግሞ ተመላሹ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሻለዋል። ማስታወቂያው አንድ ነው፤ ትክክለኛው መልስ ግን እንደ ኪስዎ ሁለት ነው። ሻጩ «ሁሉም የሚወስደው ይህን ነው» ቢልዎ እርሳስና ወረቀት ማውጣት ነውር የለበትም።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ደግሞ ስለ ወርሐዊ ክፍያ መነጋገር ነው። ሻጩ ገና ከመጀመሪያው ፈገግ ብሎ «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ይላል። ይህ ጥያቄ የወዳጅ ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን መልሱን ከሰጡት በኋላ የመኪናው ዋጋ ከጠረጴዛው ላይ ይጠፋል። 50,000 ዶላር በ7 በመቶ ወለድ ለ60 ወር የተበደረ ሰው በወር 990 ዶላር ያህል ይከፍላል። «በዛብኝ» ቢል ሻጩ ብድሩን ወደ 84 ወር ያራዝመውና «755 አደረግሁልዎ» ይለዋል። ገዢው በወር 235 ዶላር የተቀነሰለት መስሎት አመስግኖ ይፈርማል። በእውነቱ ግን በጠቅላላው 3,985 ዶላር ያህል ጨምሯል። ከዚህም በላይ ሰባት ዓመት ሙሉ ዕዳ ተሸክሞ ይኖራል፤ መኪናው ግን በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል። በመካከሉ ሥራ ቢፈታና መኪናውን ልሽጥ ቢል የሚያገኘው ገንዘብ ዕዳውን ላይከፍልለት ይችላል።

ወለዱ ራሱም ክርክር ያለበት ነገር መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ባንኩ ለዚያ ገዢ በ5 በመቶ ፈቅዶ ሳለ ሻጩ «7 በመቶ ነው የተገኘው» ብሎ ልዩነቱን ከባንኩ ጋር ሊካፈል ይችላል። ሊዝ በሚባለው የኪራይ ውልም ወለዱ በመቶኛ አይነገርም፤ እንደ 0.0025 ባለ ትንሽ ቁጥር ተሰውሮ ይጻፋል። ይህን ቁጥር በ2,400 ቢያበዙት 6 ይሆናል፤ ማለት 6 በመቶ ወለድ ያህል ነው። ማባዛት የሚያውቅ ሰው በዚህ አይታለልም።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች በተለይ የሚነገር ነገር አለ። ኢያን ኤይረስና ፒተር ሲግልማን የተባሉ ምሁራን በ1995 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት በቺካጎ አካባቢ ወደሚገኙ የአዲስ መኪና ሻጮች ጥቁሮችንና ነጮችን፣ ወንዶችንና ሴቶችን ላኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት አነጋገርና አንድ ዓይነት የክርክር ዘዴ እንዲከተሉ ተለማምደው ነበር። ይሁን እንጂ ለጥቁር ወንዶች የተነገራቸው የመጨረሻ ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከተነገረው ከ1,000 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። ይህን የምጽፈው አንባቢውን ለማስከፋት አይደለም። በፊት ለፊት ክርክር የሚሸነፍ ሰው ሁልጊዜ ክርክር ስለማያውቅ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። ለዚህም የሚረዳው ቁጣ አይደለም፤ ክርክሩን ከፊት ለፊት ወደ ጽሑፍ ማዛወር ነው።

ስለዚህ መኪና ሊገዛ የተነሣ ወዳጅ ወይም ዘመድ ካለዎ ይህን ቅደም ተከተል ይንገሩት።

አንደኛ፤ ወደ ሻጩ ከመሄዱ በፊት ከባንክ ወይም ከብድርና ቁጠባ ማኅበር የብድር ፈቃድ በእጁ ይያዝ። በዚያ አገር የብድር ታሪክ የሌለው አዲስ ገብ ሰው ከፍ ያለ ወለድ ይጠየቃልና አስቀድሞ ማወቁ ከሐፍረትም ከኪሳራም ያድነዋል።

ሁለተኛ፤ በፋብሪካው መግለጫ ላይ የወሩን ማበረታቻ ሁሉ ይመርምር። ለነባር ደንበኛ፣ ከሌላ ፋብሪካ መኪና ለሚመጣ፣ አዲስ ከኮሌጅ ለተመረቀና ለወታደር የተለየ ቅናሽ የሚሰጡ ፋብሪካዎች አሉ። ሳይጠየቅ የሚነግር ሻጭ ጥቂት ነው።

ሦስተኛ፤ ለሦስት ወይም ለአራት ሻጮች ጽፎ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ «ግብሩና የጽሕፈት ቤት ክፍያው ሁሉ ተጨምሮ ከበር የሚያስወጣኝ ጠቅላላ ዋጋ ስንት ነው?» ይበል። በድፍኑ «እንስማማለን፤ ይምጡ ብቻ» የሚለውን ሻጭ ይተወው። ግብሩ የሚከፈለው መኪናው በሚመዘገብበት ስቴት እንጂ በተገዛበት አይደለምና አንዱ ስቴት ርካሽ ነው ብሎ ሩቅ መሄድ ከግብር አያድንም።

አራተኛ፤ አራቱን ጉዳዮች፣ ማለት የአዲሱን መኪና ዋጋ፣ የአሮጌውን መኪና ግምት፣ ወለዱን፣ እንዲሁም የተጨማሪ ዋስትናና የቀለም መከላከያ የመሳሰሉትን፣ ለየብቻ ይጨርስ። ሻጩ በአንዱ የሰጠውን በሌላው መልሶ የሚወስደው አራቱ ሲደባለቁ ነው። ዋጋውን ከተናገረም በኋላ ዝም ይበል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

አምስተኛ፤ ሳያነብ አይፈርም። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚለው ወሬ ከመኪና ሻጭ ለተገዛ መኪና በአብዛኛው ቦታ እውነት አይደለም። ለዘመድ ብድር አብሮ የሚፈርም ሰው ደግሞ ምስክር ብቻ እንዳይመስለው። ዘመዱ ቢያቅተው ዕዳው ሙሉ በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። በአገራችን ዋስ መሆን ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም፤ በዚያም አገር ያው ነው።

መንግሥት የሰጠው አንድ ማበረታቻም አለ። በ2025 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ ከ2025 እስከ 2028 ድረስ የመጨረሻ መገጣጠሙ በአሜሪካ የሆነ አዲስ መኪና በብድር የገዛ ሰው፣ ገቢው ከተወሰነው በላይ ካልሆነ፣ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ወለድ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሊቀንስ ይችላል። ካዲላኩ በሚሺጋን ስለሚገጣጠም ከዚህ ይገባል፤ በሙኒክ የሚሠራው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ግን አይገባም። ሆኖም «10,000 ዶላር ይመለሳል» ማለት አይደለም። 3,000 ዶላር ወለድ የከፈለና የግብሩ መጠን 22 በመቶ የሆነ ሰው የሚተርፈው 660 ዶላር ነው። 660 ለማግኘት ብሎ 3,000 መክፈል ትርፍ አይባልም።

«መኪናውን ኋላ ይዤው ወደ አገሬ እገባለሁ» የሚልም አይጠፋም። ኢትዮጵያ በ2024 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለ ከለከለች ይህን የቤንዚን ሞተር ተስፋ አድርጎ መግዛት ከንቱ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ፈጣን መኪና መውደድ ኀጢአት አይደለም። ሠርቶ ያገኘ ሰው በላቡ ደስ ቢለው ማን ይከለክለዋል? የሚያሳዝነው ለደስታው ከሚገባው በላይ ከፍሎ፣ ደስታው በአንድ ዓመት አልቆ ዕዳው ስድስት ዓመት ሲቀር ነው። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ሰውን ከመበደር ለመከልከል ብቻ አይመስለኝም፤ ከመበደሩ በፊት ራሱን እንዲጠይቅ ነው። ጠቅላላ ዋጋውን፣ ወለዱንና የወሩን ብዛት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ አንድ ሌሊት አሳድሮ፣ በማግሥቱም «አዎን፣ ይገባኛል» ያለ ሰው ይግዛ፤ መልካም ጉዞም ይሁንለት። ይህን ሳያደርግ የሚፈርም ግን መኪናውን ብቻ ሳይሆን የሻጩንም ትርፍ ጭኖ ይሄዳል።